አምስት ሰው፣ አምስት ፍላጎት፦ የአንድ ቤተሰብ የዲሴምበር ጉዞ ወደ ሴንት ሉሲያ እንዴት ታቀደ

እህቴ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ጆሃንስበርግ ትኖራለች። እናታችን ከአዲስ አበባ ልትጠይቃቸው ስትመጣ «ሁላችንም አብረን ባህር እንይ» ተባለ። የት እንደሚኬድ ለመወሰን ብዙ አላስቸገረም። በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ግዛት ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችው ትንሿ የሴንት ሉሲያ ከተማ ተመረጠች። ከተማዋን የከበባት የኢሲማንጋሊሶ ረግረጋማ ፓርክ ነው። ስፋቱ 332,000 ሄክታር ገደማ፣ የባህር ዳርቻው 220 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጉማሬ፣ አዞ፣ ዝሆን፣ የባህር ኤሊና ዓሣ ነባሪ በአንድ ፓርክ ውስጥ የሚገኙበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

ከባዱ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መቼ ይሄዳሉ? በምን? የት ያድራሉ? ምን አይተው ምን ይተዋሉ? እቅዱን የማውጣቱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። እዚያው ደቡብ አፍሪካ ያሉ ብዙ ሐበሾች ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚያነሱ ሂደቱን እንዳለ ልጽፈው ወደድኩ።

ማን ምን ፈለገ

ሁሉም የየራሱን ይዞ መጣ። የእህቴ ባል «አንበሳና አውራሪስ ሳላይ አልመለስም» አለ። የ13 ዓመቱ ልጅ መዋኘትና ዓሣ ነባሪ ማየት ፈለገ። የ8 ዓመቷ ደግሞ የባህር ኤሊ እንቁላል ስትጥል ማየት አማራት። እህቴ ወጪው እንዳይበዛ ብቻ ነበር ጭንቀቷ።

እማዬ ምንም አልጠየቀችም። «እኔ ከእናንተ ጋር ልዋል እንጂ የትም ይሁን» አለች። ዝም ያለ ሰው ግን ፍላጎት የለውም ማለት አይደለም። ጉልበቷን ያማታል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ሙቀት አይስማማትም። ወቅቱም የነቢያት ጾም ነው። እኔ በበኩሌ እቅዱን የጀመርኩት ከእሷ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጉዞ አቅሙ አነስ ያለው ሰው የሚችለው ከታወቀ ሌላው በዚያ ዙሪያ ይደራጃል። ከጠንካራው ከተጀመረ ግን በሁለተኛው ቀን አንዱ አልጋ ላይ ይቀራል።

ወቅቱ የሚሰጠውና የሚነፍገው

ብዙ ሰው መጀመሪያ ማየት የሚፈልገውን ይዘረዝርና ከዚያ ቀን ይፈልጋል። እኔ የሄድኩት በተቃራኒው ነው። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉት በዲሴምበር ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ስለሆነ ወሩ ከእጃችን ወጥቷል። የቀረው ጥያቄ ዲሴምበር ምን አለው የሚል ነበር።

ዓሣ ነባሪ የለውም። በዚህ ዳርቻ የሚያልፉት ሃምፕባክ የተባሉት ናቸው። ከጁን እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ከደቡቡ ቀዝቃዛ ባህር ወደ ሞዛምቢክ ሙቅ ውሃ ሄደው ወልደው ይመለሳሉ። በዲሴምበር አልፈዋል። ይህ ለልጁ ከጉዞው በፊት በግልጽ ተነገረው። አኩርፎ ዋለ፣ ግን ባህር ዳር ቆሞ ከሚያኮርፍ ቤቱ ማኩረፉ ይሻላል።

የባህር ኤሊ ግን በሽ ነው። ሁለት ዝርያዎች ይወጣሉ። አንዱ ሎገርሄድ የሚባለው ነው። ሌላው ሌዘርባክ ይባላል፤ ከባህር ኤሊዎች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ጀርባው እንደ ሌሎቹ ጠንካራ ቅርፊት ሳይሆን ቆዳ ነው። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ሌሊት ሌሊት እየወጡ ይጥላሉ። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ደግሞ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ወደ ውሃው ይሮጣሉ። በዚህ ዳርቻ ኤሊዎቹን መጠበቅና መቁጠር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከዚያ ወዲህ ሳይቋረጥ ቀጥሏል፣ የሎገርሄዶቹም ቁጥር በግልጽ ጨምሯል። ዶክተር ጆርጅ ሂዩዝ የተባሉት ተመራማሪ በዚህ ሥራ ረጅም ዘመን አሳልፈዋል። ትንሿ የፈለገችው ነገር ዛሬም መኖሩ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሌሊቱን በአሸዋው ላይ እየተመላለሱ የጠበቁ ሰዎች ሥራ ነው። ይህን ለልጆች መንገር የጉዞው አንድ አካል መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለአውሬ እይታ ዲሴምበር መካከለኛ ነው። ዝናቡ በዚህ ወቅት ስለሚጥል ሣሩ ረጅም ነው። ውሃ በየቦታው ስላለ እንስሳቱ ኩሬ ዳር አይሰበሰቡም። አንበሳ ከሣር ውስጥ ተኝቶ ከመኪናው በአሥር ሜትር ርቀት ሊታለፍ ይችላል። በሌላ በኩል የኢምፓላ ግልገሎች የሚወለዱት በዚህ ሰሞን ነው፤ ከሰሜን የሚመጡ ወፎችም ዛፉን ሞልተውታል።

ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ቴርሞሜትሩ 30 ዲግሪ ሲያሳይ ከእርጥበቱ ጋር ሰውነት ላይ የሚሰማው ከዚያ በላይ ነው። ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ያቃጥላል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊመጣ ይችላል። የፓርኩ በሮች በእነዚህ ወራት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተከፍተው ከምሽቱ 1 ሰዓት ይዘጋሉ። ስለዚህ የቀኑ አቆራረጥ ራሱን በራሱ ወሰነ። በማለዳ መውጣት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ማረፍ፣ አመሻሽ ላይ እንደገና መውጣት። ከዚህ የወጣ ፕሮግራም እማዬን ይጎዳል፣ ልጆቹንም ያነጫንጫል።

ቀኑ

በደቡብ አፍሪካ ዲሴምበር 16 የዕርቅ ቀን ነው፤ ሕዝባዊ በዓል። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ የግንባታ ሠራተኞች እረፍት ይወጣሉ፣ አገሩ በሙሉ ወደ ባህር ይነቀላል። ከገና ማግስት እስከ አዲስ ዓመት ሴንት ሉሲያ ጢም ትላለች። በኢሲማንጋሊሶ ፓርክ ውስጥ ወዳለው የባህር ዳርቻ፣ ወደ ኬፕ ቪዳል፣ በቀን የሚገቡት መኪኖች ቁጥር የተገደበ ስለሆነ በሩ ላይ ተሰልፎ መመለስም አለ።

ትምህርት ቤቱ በሚዘጋበትና በ16 መካከል ግን ጠባብ ክፍተት አለች። ጉዞው እዚያች ክፍተት ውስጥ ገባ። ለእኔ ከጠቅላላው እቅድ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ዋጋውም ይቀንሳል፣ መንገዱም ይተነፍሳል።

የእማዬ ወረቀት ቀድሞ ተጀመረ። ኢትዮጵያዊ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች የክትባት ካርድም ይጠየቃል። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። እሷ በእድሜ የገፋች ስለሆነች መጀመሪያ ሐኪም አማከረች፤ ይህ ክትባት ለአረጋውያን ምርመራ ሳይደረግ የሚወሰድ አይደለም።

መንገዱና ማደሪያው

ከጆሃንስበርግ ሴንት ሉሲያ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኤን 17 በተባለው አውራ ጎዳና እስከ ኤርሜሎ፣ ከዚያ በኤን 2 በፒት ሬቲፍና በፖንጎላ አልፎ እስከ ምቱባቱባ፣ ከዚያ ወደ ባህሩ መታጠፍ። የጭነት መኪና ይበዛዋል። ከብትና ፍየል መንገድ ላይ ይወጣሉ። በአንድ ቀን መሄድ ይቻላል፣ ግን የእማዬ ጉልበት ሰባት ስምንት ሰዓት መታጠፍ አይችልም። በአውሮፕላን ደርባን ወርዶ መኪና መከራየት ታሰበ። ለአምስት ሰው ሲሰላ እህቴ ፊቷ ጠቆረ።

መፍትሔው ካርታው ላይ ነበር። የሽሉሽሉዌ ኢምፎሎዚ የዱር አራዊት ፓርክ ከሰሜን ለሚመጣ ሰው ከሴንት ሉሲያ በፊት ነው የሚደረሰው። ስለዚህ የአውሬው ክፍል መጀመሪያ እንዲሆን ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች እዚያ፣ የቀሩት አራቱ ሴንት ሉሲያ። መንገዱ ተቆረጠ፣ የባልየውም ፍላጎት ተሟላ። በፓርኩ ውስጥ ሂልቶፕ የተባለው ካምፕ ተመረጠ። ተራራ ላይ ስለሆነ ነፋሻ ነው። ከቆላው ይልቅ ለእማዬ የሚሻለው ይህ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት በሩን ማለፍ ግድ ስለሆነ ከቤት የወጡት ገና ሳይነጋ ነው።

ለሴንት ሉሲያ ከፓርኩ ውስጥ የኬፕ ቪዳል የእንጨት ቤቶች ያምሩኝ ነበር፤ ባህሩ ደጃፍ ላይ ነው። ግን ፋርማሲና ሱቅ ቅርብ እንዲሆን ከተማው ተመረጠ። መስፈርቱ አጭር ነበር። ምድር ቤት፣ ኤሲ፣ የትንኝ መከላከያ ሽቦ ያለው መስኮት፣ ማብሰያ ያለው ኩሽና። የመጨረሻው ለእማዬ ጾም ነው። ሽሮና ምስር ከቤት ተጭኖ ሄደ፣ ምግብ ፍለጋ መንከራተት ቀረ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። መጀመሪያ ያገኘነው ቤት ፎቶው የሚያስጎመጅ፣ ዋጋው የሚያስገርም ነበር። አከራይ ነኝ ያለው ሰው ሙሉ ክፍያ በግል አካውንቱ ዛሬውኑ እንዲገባ ወጥሮ ያዘ። የቪዲዮ ጥሪ ሲጠየቅ ጠፋ። በዲሴምበር እንዲህ ያለ ማጭበርበር ይበዛል። አድራሻውን አጣርቶ፣ በስልክ አነጋግሮ፣ በታወቀ መንገድ መክፈል ነው።

ጤና

ሰሜን ክዋዙሉ ናታል ወባ ካለባቸው የደቡብ አፍሪካ አካባቢዎች አንዱ ነው። ወቅቱም ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ነው። ሴንት ሉሲያ አካባቢ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፣ ግን የለም ማለት አይደለም። ቤተሰቡ ሐኪም አማክሮ ትንኝ እንዳይነድፍ መከላከል ላይ አተኮረ። ከፀሐይ መግቢያ በኋላ ረጅም እጅጌ፣ ቅባት፣ ኤሲ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢመጣ የት እንደነበሩ ለሐኪም መናገር እንዳለባቸው ተነገራቸው።

ለእማዬ የውሃ ጠርሙስ ከእጇ እንዳይለይ ተደረገ። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ውሃ ከሰውነት ያስወጣል፤ ከሙቀቱ ጋር ሲደመር ሰው ሳያስበው ይደክማል።

እንዴት ሄደ

ሽሉሽሉዌ ኢምፎሎዚ እ.ኤ.አ. በ1895 የተከለለ ነው። ነጭ አውራሪስ ከደቡብ አፍሪካ ምድር ሊጠፋ ሲል የተረፈው እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፓርክ ጠባቂው ኢያን ፕሌየርና ባልደረቦቹ ከዚህ እየያዙ ወደ ሌሎች ፓርኮችና አገሮች አሰራጩት። ልጆቹ በመጀመሪያው ማለዳ አውራሪስ ሲያዩ ግን ቅር አላቸው። ቀንድ የለውም። አፍንጫው ላይ የተቆረጠ ጉቶ ብቻ። «ማን ቆረጠው?» ብላ ትንሿ ተቆጣች። አባቷ አስረዳት። አዳኞቹ የሚገድሉት ለቀንዱ ነው፤ በ2024 የፓርኩ ሰዎች ራሳቸው እያደነዘዙ ቀንዱን መቁረጥ ጀመሩ። ቀንዱ እንደ ጥፍር ተመልሶ ያድጋል፣ ሲቆረጥም አያምም። ልጅቷ እስከ ሂልቶፕ ድረስ ስለዚህ ብቻ ጠየቀች። ዝሆንና ጎሽ፣ ቀጭኔም ታየ። አንበሳ አልታየም። ሣሩ ረጅም ነው ብዬ አስቀድሜ ስለነገርኩ ባልየው አልተከፋም፣ ወይም እንዳልተከፋ አስመሰለ።

ሴንት ሉሲያ ላይ ለእማዬ የተመደበው ጀልባው ነበር። ሐይቁ ወደ ባህር በሚወርድበት ሰፊ ውሃ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ጉዞ ነው። ጥላ አለው፣ መቀመጫ አለው፣ መራመድ የለውም። በሐይቁ ሥርዓት ውስጥ ወደ 800 ገደማ ጉማሬና ከ1,000 በላይ አዞ ይኖራል። ቀን ላይ ጉማሬው ተደራርቦ ውሃ ውስጥ ይተኛል። እማዬ አንዲት ጉማሬ ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተኝታ አየች። «ወይ ፈጣሪ፣ ይቺም አዝላለች!» አለች። ከጉዞው ሁሉ እስከ ዛሬ የምታወራው ይህንን ነው።

ሲመሽ ያው ጉማሬ ሣር ፍለጋ ይወጣል፤ የከተማው ዋና መንገድ ማኬንዚ ስትሪት ላይ ሳይቀር ይራመዳል። ስለዚህ ሕግ ወጣ። ከጨለመ በኋላ በእግር መውጣት የለም፤ ጥግ ያለው ሱቅም ቢሆን በመኪና ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከአጥሩ ማዶ ሣር ሲነጭ ተሰማ። ልጁ በመስኮት የእጅ ባትሪ ሲያበራ ሰፊ ጀርባ ታየው። ከዚያ በኋላ ሕጉን ማስታወስ አላስፈለገም።

የመዋኛ ጉዳይ ጠበቅ ተደርጎ ተይዟል። ሐይቁና የወንዙ አፍ ፈጽሞ አይነካም። ጉማሬና አዞ ብቻ ሳይሆን ዛምቤዚ የተባለው ሻርክም ይገባበታል። የክዋዙሉ ናታል የሻርክ መከላከያ መረብ ከሪቻርድስ ቤይ ወደ ደቡብ ነው ያለው፤ ሴንት ሉሲያ አይደርስም። ስለዚህ ለመዋኛ ኬፕ ቪዳል ተመረጠ። ከከተማው 30 ከሚበልጥ ኪሎ ሜትር፣ በአስፋልት፣ በማንኛውም መኪና። ዓለቱ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ዳሩ የተረጋጋ ነው። ጉዞው አዲስ ጨረቃ በወጣችበት ሰሞን ስለነበረ ባህሩ ጥግ ድረስ የሚሸሸው ረፋድ ላይ፣ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። ከዓለቱ መሃል የቀረው ውሃ ኩሬ ኩሬ ይሠራል። ልጁ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፋ፣ ቢጠሩት አይሰማም። ዓሣ ነባሪውን የረሳው እዚያ ነው። ዝንጀሮ መሰል ጦጣዎቹ ግን አላረፉም፤ የመኪናው በር ለአፍታ ክፍት ሲገኝ ሙዙን ይዘው ዛፍ ላይ ወጡ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት በደን የተሸፈኑ የአሸዋ ኮረብታዎች ለታይታኒየም ማዕድን ሊቆፈሩ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1996 አይሆንም አለ። ሳይቆፈሩ ማየት መታደል ነው።

የኤሊው ሌሊት ሆን ተብሎ በሴንት ሉሲያ ሁለተኛው ምሽት ላይ ተያዘ፣ ከኋላው መጠባበቂያ ሌሊት እንዲኖር። ደግ አደረግን። በተያዘው ቀን ነፋስና ዝናብ ስለመጣ ወደ ማግስቱ ተዛወረ። በአሸዋው ላይ በግል መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር በክፍት መኪና ነው የሚኬደው። አምስት ስድስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ትንንሽ ልጆችን የማይወስዱ ስላሉ የልጅቷ እድሜ አስቀድሞ ተጠየቀ። እማዬ ቤት ቀረች፣ እህቴም ከእሷ ጋር።

ብዙ ሰዓት ምንም የለም። አሸዋ፣ የማዕበል ድምፅ፣ እንቅልፍ። ከዚያ አስጎብኚው ሰፊ ዱካ አየና መኪናውን አቆመ። መብራት ጠፋ። ገና እየቆፈረች ከሆነ መቅረብ አይፈቀድም፤ ከደነገጠች ሳትጥል ትመለሳለች። መጣል ከጀመረች በኋላ ግን ብዙም አትረበሽም። ያኔ በቀይ መብራት ከኋላዋ ተጠጉ። ሎገርሄድ ነበረች። የኋላ እግሮቿን እያፈራረቀች የቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ነጫጭ እንቁላሎች ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይወርዳሉ። በአንድ ጊዜ መቶ ገደማ ትጥላለች። ከዓይኗ ወፍራም ዕንባ ይፈስሳል። ትንሿ «እያማት ነው?» አለች በሹክሹክታ። አስጎብኚው አሳምሮ መለሰላት፤ ከባህሩ የምትጠጣውን ጨው የምታስወጣው በዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ ነው፣ ውሃ ውስጥም እንዲሁ ነው፣ የሚታየው ግን ስትወጣ ብቻ ነው። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በአሸዋው ሙቀት መሆኑንም ነገራት። አሸዋው ሲሞቅ ሴቶቹ ይበዛሉ።

የተተወው

ኮሲ ቤይ ተትቷል። ከሁሉም ዳርቻ የሚያምረው እሱ ነው ይባላል፤ ሐይቁ ባህር ወደሚገባበት አፍ ለመውረድ ግን ፎር ባይ ፎር ያስፈልጋል፣ ወባውም ከዚህ ይልቅ እዚያ ያሰጋል። ሶድዋና ቤይም ተትቷል፤ የጠላቂዎች አገር ስለሆነ ከአምስቱ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚጠቀመው። በመጨረሻው ቀን ምንም አልተያዘም። ልጆቹ ተኙ፣ እማዬ በረንዳ ላይ ሆና ጎረቤት ዛፍ ላይ ያለውን ወፍ ስትመለከት ዋለች። ባዶ ቀን የእቅዱ አካል እንጂ ክፍተት አይደለም።

ወጪው ከታሰበው ብዙም አልራቀም። በገዛ መኪና መሄድ፣ ራስን መመገብና ከበዓሉ ግርግር በፊት መመለስ ኤሊውንና ጀልባውን ከፈለ።

አሁን ቤተሰቡ ለጁላይ እየጠየቀኝ ነው። ያኔ ሣሩ ደርቆ ያጥራል፣ እንስሳቱ ውሃ ዳር ይሰበሰባሉ፣ ሙቀቱ ይቀላል፣ ዓሣ ነባሪዎቹም ያልፋሉ። ለልጁና ለአባቱ ነው። የባህር ኤሊ ግን እንደማይኖር ለትንሿ ከወዲሁ ተነግሯታል። የሂልቶፕ ክፍል ለማስያዝ ትምህርት ቤቱ የእረፍቱን ቀን እስኪያሳውቅ ብቻ ነው የምንጠብቀው።